የሰመር ኢንተርንሺፕ በተጎዳ መሬት ማገገም ሥራ፦ ከጅማ የመጣ ሰው ምን ይዞ ይቅረብ?

ቦዬ ማዶ (ሚኒሶታ)፦

ሰላም የጅማ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ከጅማ ግብርና በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተመርቀን እዚህ ማስተርስ የጀመርን ሦስት ልጆች ነን። ሁላችንም ኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ነን፤ የገባነው ባለፈው ኦገስት ነው። ለመጪው ሰመር መሬት ማገገም ላይ ኢንተርንሺፕ ልናመለክት ነበር፤ ማስታወቂያዎቹ ግን ግራ አጋቡን። ስለ ችግኝ ተከላ የሚያወራ የለም ማለት ይቻላል፤ መቁረጥ፣ መርጨት፣ መንቀል ብቻ። ከእርከን፣ ከችግኝ ጣቢያና ከተፋሰስ ሥራ የመጣ ሰው እዚህ ምን ብሎ ያመለክታል? ወረቀቱስ እንዴት ነው? የምታውቁ እባካችሁ።

ሄርማታ (ኢሊኖይ)፦

ግራ ያጋባችሁ ነገር ዋናው ነገር ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ጅማ ላይ መሬት ተጎዳ ሲባል ዛፉ አለቀ፣ አፈሩ ታጥቦ ሄደ ማለት ነው። መድኃኒቱም አፈሩን ማቆም፣ መትከልና ከብት መከልከል ነው። የአሜሪካ መሃል ምዕራብ ጉዳት የተገላቢጦሽ ነው። የኢሊኖይና የአዮዋ አብዛኛው ክፍል፣ የሚኒሶታ ትልቅ ክፍል፣ የዊስኮንሲንም የተወሰነ ክፍል፣ ድሮ ፕሬሪ የሚባል የረጅም ሣር ሜዳ ነበር። ኢሊኖይ ውስጥ ከዚያ ሜዳ ሳይነካ የቀረው ከአንድ ከመቶ አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ሜዳውን ሜዳ አድርጎ ያኖረው እሳትና የባይሰን መንጋ ነው። አብዛኛው ታረሰ፤ ከማረሻ ያመለጠውን ደግሞ፣ እሳቱ ሲቀር፣ ቁጥቋጦና ዛፍ ዋጠው። ስለዚህ እዚህ ዛፍ ብዙ ጊዜ የሚቆረጥ እንጂ የሚተከል አይደለም። ማመልከቻውን "ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ተክያለሁ" ብሎ የሚጀምር ሰው በሥራ አስኪያጁ ዓይን ሌላ ሥራ የሚፈልግ ሰው ነው።

ይህ ማለት ግን የያዛችሁት ሙያ አይጠቅምም ማለት አይደለም። አቀራረቡን ቀይሩት።

የዕፅዋት መለየት ችሎታችሁን ከሁሉ በላይ አስቀድሙ። በቤተሰብና በወገን ደረጃ መለየት የሚችል፣ ሳይንሳዊ ስም የማያስፈራው ሰው እዚህ ይፈለጋል። ኳድራት (የናሙና ካሬ) አውጥታችሁ ዕፅዋት ከቆጠራችሁ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር ለሣርና ለአረም፣ 20 በ20 ለዛፍ፣ በስንት ቦታ እንደሠራችሁ ጻፉ። ጂፒኤስና ኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ከቻላችሁ ያንን በተለየ መስመር። ፓርቲኒየም ወይም ላንታና በሚባሉት መጤ አረሞች ላይ የተሠራ የማጥፋት ሥራ ካላችሁ ወርቅ ነው፤ በምን መሣሪያ፣ በስንት ሰው፣ ስንት ሄክታር። ገበሬ ሰብስባችሁ እርከን ካሠራችሁ ደግሞ "ብዙ ሰው በአንድ ቀን አሠማርቼ አውቃለሁ" በሉ፤ እዚህ ያሉ ጥብቅ ቦታዎች ግማሹን ሥራ የሚያሠሩት በበጎ ፈቃደኛ ነው፣ ሰው ማሠማራት የሚችል ወጣት ግን እጥረት አለ። የችግኝ ጣቢያ ልምዳችሁንም አትጣሉት፤ የአገር በቀል ዘር የሚሰበስብና የሚያደርቅ ክፍል ያላቸው ቦታዎች አሉ፣ ለነሱ ብቻ ግን ላኩት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ማስታወቂያ የሚበዛው ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው። ኤፕሪል ላይ የሚያመለክት የተረፈውን ይወስዳል። ሥራው ከሜይ አጋማሽ ወይም ከጁን መጀመሪያ እስከ ኦገስት አጋማሽ፣ ከ10 እስከ 12 ሳምንት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ክፍያው በሰዓት 15 ዶላር አካባቢ የተለመደ ሲሆን አንዳንዱ ማደሪያ ይጨምራል። ማደሪያ ሲባል የጋራ ቤት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ርቆ።

መንጃ ፈቃድ አሁኑኑ አውጡ። ሙሉ ብቃት ይዞ በመንጃ ፈቃድ ብቻ የሚወድቅ አመልካች ብዙ ነው፤ ቦታው አውቶቡስ አይደርስበትም፣ የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕም የሚነዳው ሰው ይፈልጋል። ፀደይ ሲገባ የመንገድ ፈተና ቀጠሮ ይጠብባል፤ ክረምቱን በበረዶ ተለማመዱ።

ቦታ ስታጠኑ እነዚህን እዩ። ዊስኮንሲን ማዲሰን የዩኒቨርሲቲው አርቦሪተም ውስጥ ያለው ከርቲስ ፕሬሪ በ1930ዎቹ የተጀመረ ነው፣ በዓለም ቀዳሚው መልሶ የተሠራ ፕሬሪ ይባላል። ኢሊኖይ ናቹሳ በ1986 ተጀምሮ በ2014 ባይሰን የገባበት ሰፊ ይዞታ ነው። ቺካጎ ዙሪያ የኩክ ካውንቲ የደን ይዞታ ብቻ ወደ 70,000 ኤከር ይጠጋል። የካውንቲ ቦታዎች ስማቸው ስለማይገን አመልካች ያንሳቸዋል፤ የኔ ምክር እነሱን ቀድሙ ነው።

ጅሬን ላይ (ሜሪላንድ)፦

የወረቀቱን እኔ ልውሰደው።

ኤፍ-1 ከግቢ ውጭ ኢንተርን ለመሆን የሚያስፈልገው ሲፒቲ፣ ማለትም ከትምህርት ጋር የተያያዘ የሥራ ልምምድ ፈቃድ፣ ነው። አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት፣ ማለትም ሁለት ሴሚስተር፣ መማር ይጠይቃል። ኦገስት የገባ ሰው ሜይ ላይ ይሞላል፤ እናንተ ትደርሳላችሁ። ጃንዋሪ የገባ ጓደኛ ካላችሁ ግን በመጀመሪያው ሰመር አይደርስም፤ ልዩ ሁኔታ ያለው ትምህርቱ ራሱ ልምምዱን ከመጀመሪያው የሚያስገድድ ለሆነ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ብቻ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከቀጣሪው በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የተጻፈ ደብዳቤ ትቀበላላችሁ፤ አድራሻ፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የሳምንቱ ሰዓት፣ የሥራው ዝርዝር ይኑረው። ሥራው ከትምህርታችሁ ጋር በቀጥታ መያያዙን የትምህርት ክፍሉ አማካሪ ይፈርማል። ብዙ ትምህርት ቤት ለኢንተርንሺፑ አንድ ክሬዲት እንድትመዘገቡ ያደርጋል፤ የሰመር ክሬዲት በገንዘብ ነውና ዋጋውን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የሰመሩን ደሞዝ ሩብ ሊበላ ይችላል። ከዚያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሲፒቲው ሁለተኛው ገጽ ላይ የተጻፈበት አዲስ አይ-20 (የተማሪነት ማረጋገጫ ወረቀት) ይሰጣችኋል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ፈቃዱ ለዚያ ቀጣሪና ለዚያ ቀን ብቻ ነው። የሚጀምረው ጁን 3 ከሆነ ሜይ 28 "ለትውውቅ ብቻ" ብሎ የተከፈለበት ቀን መግባት ያለ ፈቃድ መሥራት ነው። ኦገስት ላይ "ሁለት ሳምንት ጨምርልን" ካሏችሁም ቀኑ ከማለፉ በፊት አይ-20ው ይስተካከል። ሙሉ ሰዓት ሲፒቲ በድምሩ 12 ወር ከደረሰ በዚያው ዲግሪ ኦፒቲ (ብዙ ጊዜ ከምረቃ በኋላ የሚወሰደው የሥራ ፈቃድ) ይቀራል፤ የአንድ ሰመር 3 ወር ግን ምንም አይነካም።

"ክፍያ የለውም ስለዚህ ፈቃድ አያስፈልገውም" የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ። ሌላ ሰው ተከፍሎት የሚሠራውን ሥራ በነጻ መሥራት በጎ ፈቃድ አይባልም። ቅዳሜ ጠዋት ለማንም ክፍት በሆነ የአረም ነቀላ ቀን መገኘት ግን ችግር የለበትም፤ እንዲያውም የአገር ውስጥ ምስክር የምታገኙት እዚያ ነው። አሁን ክረምቱን ሄዳችሁ አራት አምስት ቅዳሜ ቁጥቋጦ ከቆረጣችሁ፣ የቦታው ኃላፊ በስማችሁ ያውቃችኋል።

ግሪን ካርድ ያላቸው፣ በዲቪ የመጡትን ጨምሮ፣ ሰፋ ያለ በር አላቸው፤ አሜሪኮርፕስ የሚባለው የመንግሥት የአገልግሎት ፕሮግራም ዜጋና ቋሚ ነዋሪ ይቀበላል፣ ኤፍ-1 አይቀበልም። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ የደን አገልግሎቱም ሆነ ብሔራዊ ፓርኮቹ፣ ቅጥራቸው በአብዛኛው ለዜጋ ነው፤ እዚያ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ጥገኝነት ጠይቆ የሥራ ፈቃድ ካርድ የያዘ ሰው ለካውንቲና ለግል ድርጅቶች ማመልከት ይችላል።

ቦዬ ማዶ፦

እግዜር ይስጥልን፣ ሁለታችሁም። ጋሽ ሄርማታ፣ አንድ ልጨምር፤ ቃለ መጠይቅ ላይ "በክቶርን እንዴት ታጠፋለህ" ብለው ይጠይቃሉ አሉ። መጽሐፉን አንብበናል፤ እጅ ላይ ግን እንዴት ነው የሚሠራው?

ሄርማታ፦

ደህና ጥያቄ ነው፣ ይጠይቃሉ።

በክቶርን ከአውሮፓ የመጣ ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬውን ወፍ ይዘራዋል፣ ጥላው ከሥሩ ምንም አያሳድግም። ቆርጠህ ብቻ ከተውከው ከጉቶው በአንድ ዓመት ውስጥ እንደ ባህር ዛፍ አሥር ሆኖ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቆርጦ መቀባት ነው። አንዱ በመጋዝ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ጠፍጣፋ አድርጎ ይቆርጣል፣ ሌላው ከኋላ ጠርሙስና ስፖንጅ ይዞ ይቀባል። ግላይፎሴት የሚባለው ፀረ አረም ከሆነ ከ20 እስከ 25 ከመቶ ተበርዞ፣ በተቆረጠ በ5 ደቂቃ ውስጥ። ከዚያ ካለፈ የተቆረጠው አፍ እየደረቀ ስለሚዘጋ መድኃኒቱ አይወርድም።

የሚቀባው የጉቶው መሃል አይደለም። መሃሉ የሞተ እንጨት ነው። ከቅርፊቱ ውስጠኛ ጎን ያለችው ቀጭን እርጥብ ቀለበት ናት ወደ ሥር የምትወስደው፤ ዙሪያዋን ብቻ። አዲስ ሰው ሙሉ ጉቶውን ያጥለቀልቅና ጠርሙሱን በአንድ ሰዓት ይጨርሳል፣ ቀለበቷ ላይ ግን ሰጋቱራው ተኝቶ መድኃኒቱን ጠጥቶታል። መጀመሪያ ሰጋቱራውን በጓንት መጥረግ ነው። ሰማያዊ ማቅለሚያ ካልተጨመረበት የትኛው እንደተቀባ አይታወቅም፤ በሚቀጥለው ዓመት ያልተቀቡት በረድፍ አቆጥቁጠው ይታያሉ።

ፀደይ ላይ፣ ፈሳሹ ወደ ላይ በሚገፋበት ጊዜ፣ ይህ ሥራ አይያዝም፤ ጉቶው መድኃኒቱን መልሶ ይተፋዋል። ከጁን በኋላ ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው፣ ሌላው ዛፍ ቅጠሉን ጥሎ በክቶርን ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህችን የጊዜ ነገር ካላችሁ ጠያቂው ብዕሩን ያነሣል።

በቅጠል ላይ ለሚረጭ ሥራ ስሌቱን ልመዱ። የጀርባ መርጫው 4 ጋሎን፣ ማለትም 15 ሊትር ገደማ ይይዛል። 2 ከመቶ ሲባል 300 ሚሊ ሊትር ነው። መጀመሪያ ግማሽ ውሃ፣ ከዚያ ማቅለሚያውና መድኃኒቱ፣ ከዚያ ቀሪው ውሃ። ውሃው ንጹህ ይሁን፤ ግላይፎሴት ከሸክላ አፈር ጋር ይጣበቃልና ከኩሬ በተቀዳ ድፍርስ ውሃ የተበረዘ ፀረ አረም ገና በርሜሉ ውስጥ ይሞታል። ውሃ ዳር የሚሠራ ከሆነ ለውሃማ ቦታ የተፈቀደው ዓይነት ብቻ ነው፤ በተራው ዓይነት ውስጥ ያለው ማጣበቂያ እንቁራሪት ይገድላል። ትራይክሎፒር ኤስተር የሚባለው ሌላው ፀረ አረም ደግሞ ከ29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ተንኖ የማይፈለገውን ተክል ያቃጥላል፤ ጁላይ ላይ ከረፋድ በኋላ አይነካም። መለያው ላይ የተጻፈው ሕግ ነው፣ ጓንቱም መጠኑም። የመርጨት ፈቃድ ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል፤ ፈተናውን ቀጣሪው ካስፈተናችሁ በደስታ ተቀበሉ፣ ለሚቀጥለው ሥራም ይጠቅማል።

ስለሚነቀሉት ባጭሩ። ጋርሊክ መስታርድ ከጎመን ዘር ነው፣ ሁለት ዓመት የሚኖር፤ ከአንገቱ በታች ይዞ ከነሥሩ ነው፣ አበባ ከያዘ በከረጢት ይውጣ፣ ተነቅሎም ዘሩን ያበስላልና። ስዊት ክሎቨር ዝናብ በዘነበ ማግስት ይነቀላል፤ ደረቅ ቀን ከሆነ ሥሩ ተበጥሶ ይቀራል። ዋይልድ ፓርስኒፕ ላይ ግን ጠንቀቅ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል በሁለተኛው ቀን ይወጣል። በአካፋ ሥሩን ከአፈር ትንሽ ዝቅ ብሎ መቁረጥ፣ እጅጌ ረጅም፣ ጓንት እስከ ክንድ።

ከጅማ የመጣ ሰው የማያውቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ፖይዝን አይቪ፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ፤ ዘይቱ ልብስና መሣሪያ ላይ ይቆያል፣ በነካ በደቂቃዎች ውስጥ በሳሙና ካልታጠበ ለሳምንታት ያሳክካል። ሌላው መዥገር ነው። የኛ አገር መዥገር የከብት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ያለው ትንሹ የአጋዘን መዥገር ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፣ የሰሊጥ ፍሬ ያህል ነው፣ ልጁማ ከዚያም ያንሳል። ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት፣ ልብስን በፐርሜትሪን መንከር (ልብስ ብቻ፣ ቆዳ አይደለም)፣ ማታ ብብትና ጉልበት ሥር መፈተሽ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከወጣ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው። ቀይ ክብ ካበጀ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ አትጠብቁ።

ሙቀቱንም አትናቁት። ጅማ በ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነፋሻ ናት፤ ኢሊኖይ ጁላይ ላይ 33 ዲግሪና እርጥበት ነው። ቡድኑ ሥራ የሚገባው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሆነው ለዚህ ነው።

ቶሎሳ ጥግ (ሚኒሶታ)፦

የእሳት ሥልጠናውስ? ማስታወቂያው ላይ ኤስ-130 እና ኤስ-190 ይላል።

ሄርማታ፦

የተፈቀደ ቃጠሎ የሚካሄደው በአብዛኛው ማርች፣ ኤፕሪልና ከኦክቶበር በኋላ ነው። የሰመር ኢንተርን እሳት ላይ ላይደርስ ይችላል። ሥልጠናው ግን ግማሹ በኢንተርኔት ነው፣ ማመልከቻን ያከብዳል። የመስክ ፈተናው 45 ፓውንድ፣ 20 ኪሎ ገደማ፣ ተሸክሞ 3 ማይልን በ45 ደቂቃ መራመድ ነው፤ መሮጥ አይፈቀድም። መርካቶ ኩንታል ሲሸከም ላደገ ሰው ክብደቱ ሳይሆን አለመሮጡ ነው የሚከብደው።

አጂፕ ሰፈር (ቨርጂኒያ)፦

ወንድሞቼ፣ ጥያቄዬ ወዲያና ወዲህ ነው። ልጄ 20 ዓመቷ ነው፣ እዚህ የተወለደች፣ አካባቢ ሳይንስ ታጠናለች። ሰመሩን ጅማ ሄዳ ብትሠራ ትላለች፤ አያቷም እዚያ ናቸው። የሚያዋጣ ነገር አለው ወይስ ፎቶ ተነሥታ ትመለስ?

መልኮ መንገድ (ጅማ)፦

እህቴ፣ ጊዜው እንኳ በትክክል ይገጥማል፤ የናንተ ሰመር የኛ ክረምት ነው፣ ተከላውም አፈር ጥበቃውም በዚያ ሰዓት ነው። የሚያዋጣው ግን ምን ይዛ እንደምትመጣ ተወስኖ ከሆነ ነው። "መርዳት እፈልጋለሁ" ብላ ከመጣች ወረዳውም ዩኒቨርሲቲውም ሻይ ጋብዞ ይሸኛታል። "ለስምንት ሳምንት በአንድ ተፋሰስ የተተከለውን ችግኝ ቆጥሬ የጸደቀውንና የሞተውን በካርታ አወጣለሁ" ካለች ቦታ ታገኛለች፤ እዚህ የሚተክል ሞልቷል፣ ተመልሶ የሚቆጥር ነው የጠፋው። ደብዳቤው ከራሷ ዩኒቨርሲቲ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በማርች ይላክ። በግንቦት የተላከ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይከርማል።

ለወረቀቱ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን፣ አውጪላት። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ እንድትቆይ ያስችላታል።

ሥራውን እንድታውቀው ጥቂት ልጻፍ፤ ከላይ ከአሜሪካው ጋር ሲተያይም ይጠቅማል።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ደረቅ አገር የሚሠራው ዓይነት ዝም ብሎ አግድም የተዘረጋ እርከን እዚህ ውሃ ያቁርና በነሐሴ ይፈርሳል፤ አንዱ ሲፈርስ ከሥሩ ያሉትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፣ ቦረቦር የሚጀምረው እንዲህ ነው። ስለዚህ እርከኑ ወደ ውሃ መውረጃው ትንሽ ያዘቀዝቃል፣ እስከ 1 ከመቶ። በ2 ሜትር ስፋት ባለ የኤ-ፍሬም እንጨት ሲለካ በየእርምጃው 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ ነው። የውሃ መውረጃው አስቀድሞ ሣር ካልያዘ ግን እርከኑን ባትሠሪው ይሻላል። ዘመቻ ላይ ይህ ይዘለላል፣ ሪፖርት የሚደረገው የእርከን ኪሎ ሜትር እንጂ የመውረጃ ሣር አይደለምና።

ተዳፋቱ ከ15 ከመቶ በታች ከሆነ የሣር መስመር ይበቃል። ቬቲቨርን ወደ አገራችን ያስገባው እዚሁ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ነው፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ፤ መነሻው የቡና ማሳ ነበር። ግንዱ ተገንጥሎ ቅጠሉ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆረጣል፣ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር መሃል ተጠጋግቶ በአንድ መስመር ይተከላል። በመስመርና በመስመር መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ነው፤ 10 ከመቶ ተዳፋት ላይ መስመሩ በየ10 ሜትሩ ይመጣል ማለት ነው። ዝናቡ ሳይረጋ የተተከለ፣ ወይም 30 ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ የተተከለ መስመር አይዘጋም፤ ውሃው በክፍተቱ ይሰበሰብና ከበፊቱ የባሰ ያጥባል። ገበሬው ለከብት የሚሆን ካለ ደግሞ ደሾ የሚባለውን ሣር ይመርጣል፣ እውነቱንም ነው።

አገር በቀል ዛፍ ላይ ትልቁ ችግር ዘሩ ነው። የጥቁር እንጨትና የቀረሮ ዘር ደርቆ አይቀመጥም፤ ከወደቀ በሳምንታት ውስጥ ካልተዘራ ይሞታል። ችግኝ ጣቢያዎች ባህር ዛፍና ግራቪሊያ የሚያበዙት ስለማያውቁ አይደለም፣ የነዚህ ዘር በከረጢት ይገዛል፣ የቀረሮን ዘር ግን ጫካ ገብቶ በወቅቱ የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል። ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ቀለል ይላሉ፣ ለቡና ጥላም ስለሚሆኑ ገበሬው ራሱ ይጠብቃቸዋል። ጠባቂ ያለው ዛፍ ነው የሚጸድቀው። ጉድጓዱ ከተከላው ወር ቀደም ብሎ ይቆፈራል፤ ፕላስቲኩ ሲተከል ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ከዘመቻ በኋላ የሞተ ችግኝ ነቅላ ብታይ ፕላስቲኩን እንደለበሰ፣ ሥሩ ተጠቅልሎ ታገኘዋለች።

ውሃማ ቦታ ከወደደች ቦዬ አለ። አዌቱ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ እዚያ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ። ዳሩ ለሸክላ ጡብ ይቆፈራል፣ ባህር ዛፍ ይተከልበታል፣ ለእርሻ ይጠነፈፋል። ያ ሁሉ አፈር የሚወርደው በ2004 በፈረንጆቹ ሥራ ወደ ጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው ግድብ ነው። የውሃ ውስጥ ነፍሳትን ቆጥሮ የውሃውን ጤና ማወቅ ከመረብ፣ ከትሪና ከማጉያ መስታወት በላይ ብዙ አይጠይቅም፤ ለአንድ ሰመር የሚበቃ ሥራ ነው። ጉማሬ ስላለ ብቻዋን፣ በተለይ ወደ ማታ፣ አትሂድ።

ጫካ የምትል ከሆነ በለጤ-ጌራ። እዚያ በጃፓን እርዳታ ከ2003 በፈረንጆቹ ጀምሮ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ጫካውን የሚጠብቅበት አሠራር ተዘርግቷል፤ ዋቡብ ይሉታል። የጫካ ቡናው ነው ማኅበሩን ያቆመው። ሰዎቹ አፋን ኦሮሞ ነው የሚናገሩት፤ አማርኛ ብቻ ይዛ ከሄደች ግማሹን ነው የምትሰማው፣ ከኮሌጁ ተማሪ ጋር ትጣመር።

አጂፕ ሰፈር፦

ይባርክህ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። የቆጠራውን ሐሳብ ነግሬያት ወዳዋለች። ዘር ይዛ ልትመለስ ትችላለች ወይ? ለክፍሏ ማሳያ ብላ።

መልኮ መንገድ፦

አይሆንም፤ የሚተከል ዘር ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬትና ያለ አሜሪካው የማስገቢያ ደንብ ጉምሩክ ይወስድባታል። አፈርም ፈጽሞ። ስትመጣም ስትመለስም ጫማዋን በብሩሽ ታጥባ፣ ሶሉ ውስጥ ያለውን ጭቃ አውጥታ ትጓዝ። የመጤ አረም ዘር አገር የሚለውጠው እንዲህ ነው፤ ፎርሙ ላይ እርሻ ቦታ ነበርኩ ብላም ታስመዝግብ። የተቆላ ቡና ግን እንዳሻት።

ቦዬ ማዶ፦

መጨረሻ ጥያቄ፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የለንም። ሳይመጣ መጀመር ይቻላል? ግብሩስ?

ጅሬን ላይ፦

ቁጥሩን ማመልከት የሚቻለው ሥራው ከሚጀምርበት ቀን 30 ቀን ሲቀር ነው፤ ከዚያ በፊት ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል። የሚያዘው ፓስፖርት፣ አይ-94 (የመግቢያ መዝገብ)፣ ሲፒቲው ያለበት አይ-20 እና የቀጣሪው ደብዳቤ። ቁጥሩ እስኪመጣ መሥራት ይቻላል። አይ-9 የሚባለውን፣ መሥራት እንደተፈቀደላችሁ የሚረጋገጥበትን ፎርም ግን በጀመራችሁ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ቀጣሪው መጨረስ አለበት፤ ለዚያ ፓስፖርቱ፣ አይ-94ቱና አይ-20ው አብረው ይበቃሉ። ትንንሽ ድርጅቶች ይህን ስለማያውቁ ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ፤ በትሕትና የፎርሙን መመሪያ ገጽ አሳዩአቸው።

ግብርን በተመለከተ፣ የኤፍ-1 ተማሪ በመጀመሪያዎቹ 5 የፈረንጅ ዓመታት እንደ ነዋሪ ስለማይቆጠር የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 7.65 ከመቶ አይቆረጥበትም። በሰዓት 15 ዶላር፣ 40 ሰዓት፣ 12 ሳምንት 7,200 ዶላር ነው፤ በስህተት ከቆረጡ 550 ዶላር ሄደ ማለት ነው። የመጀመሪያውን የደሞዝ ወረቀት እዩ፣ ተቆርጦ ከሆነ መጀመሪያ ቀጣሪው እንዲመልስ ጠይቁ፣ እምቢ ካለ ፎርም 843 ሞልታችሁ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጠይቁ። መደበኛው የገቢ ግብር ግን አለ፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት በስምምነት ነጻ ነኝ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አታድርጉ። በሚቀጥለው ኤፕሪል 15 ከመድረሱ በፊት 1040-ኤንአር እና 8843 የሚባሉትን የግብር ፎርሞች ሞልታችሁ ላኩ። ለነዋሪ የተሠራውን የተለመደ የግብር ሶፍትዌር አትጠቀሙ፤ ብዙ ትምህርት ቤት ለውጭ ተማሪ የሚሆነውን በነጻ ይሰጣል፣ ጃንዋሪ ላይ ጠይቁ።